ወደ ላይ የሚወጣው የአዳማ መንገድ

ሰባተኛ ክፍል እያለን ቲቸር «የከባቢ አየርን ንብርብሮች ማን ይነግረኛል?» ሲል እጄን አውጥቼ «ኤረር፣ ራማ፣ ኢዮር...» ብዬ ጀመርኩ። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ምን ላድርግ፣ አያቴ ጋር ያደግኩ ልጅ ነኝ፣ ሰማይ ስንት ነው ስባል ሰባት፣ ከታች ጀምረህ ቁጠር ስባል ከኤረር ተነስቼ ጽርሐ አርያም እስክደርስ ትንፋሽ የማልወስድ። ቲቸር ግን አልሳቀም፣ «ያንተ ሰማይ ሌላ ነው፣ እሱን ለየኔታ ንገራቸው» አለኝና ሰሌዳው ላይ አግዳሚ መስመሮች አሰመረ። ትሮፖስፌር፣ ስትራቶስፌር፣ ሜሶስፌር፣ ቴርሞስፌር፣ ኤክሶስፌር። እንደ ዳዊት ሸመደድኩት፣ ፈተና ላይ ደፈንኩት፣ በሳምንቱ ረሳሁት።

አሁን ምን አስታወሰህ ካላችሁኝ፣ ኅዳር 14 ቀን 2018 አፋር ውስጥ ሃይሊ ጉቢ የሚባለው እሳተ ገሞራ ፈነዳና አመዱ ቀይ ባህርን ተሻግሮ የመንን ኦማንን አልፎ በማግስቱ ህንድ ሰማይ ላይ ደረሰ ተባለ አይደል፣ እኛም ካፌ ቁጭ ብለን ስናወራ አንዱ ጓደኛዬ «ቆይ እንዴት ነው አመድ ከአፋር ተነስቶ ደልሂ የሚሄደው? ዝም ብሎ ወደ ላይ ወጥቶ ለምን አይቀርም?» አለ። ሁሉም ወደኔ ዞረ (ሰፈር ውስጥ የሳይንስ ሰው እኔ ነኝ፣ ማን እንደሾመኝ አላውቅም)። አምስቱን ስም እንደ ድሮው አወረድኩላቸው። «እሺ፣ እና?» አለ። እናማ የለኝም። ስሙን ይዤ ነገሩን እንደማላውቀው የገባኝ ያን ቀን ነው፣ ከዛ በኋላ ማታ ማታ ሳነብ ከረምኩ።

መጀመሪያ ርቀቱን ላስተካክል። ኪሎ ሜትር ወደ ላይ ሲሆን ጭንቅላቴ አይቀበለውም፣ ስለዚህ መንገድ አደረግኩት። የአዳማን መንገድ ከአዲስ አበባ አንስታችሁ ቀጥ አድርጋችሁ ወደ ሰማይ አቁሙት። ቃሊቲ አካባቢ፣ 16 ወይ 17ኛው ኪሎ ሜትር ላይ፣ ትሮፖስፌር አለቀ። ደመናው፣ ዝናቡ፣ በረዶው፣ ነጎድጓዱ፣ ማለት ይቻላል ሁሉም እዛች ውስጥ ናቸው፣ ከጠቅላላው አየር ደግሞ 90 በመቶ ገደማው። ስትራቶስፌር ቢሾፍቱ ድረስ ይሄዳል፣ 50 ገደማ። ሜሶስፌር ሞጆን አልፎ 85 አካባቢ ያበቃል። አዳማ ስትገቡ 100 ኪሎ ሜትር፣ ህዋ እዚህ ጋ ጀመረ ይባላል፣ የካርማን መስመር የሚሉት እሱ ነው፣ የስምምነት መስመር ነው እንጂ ሰማይ ላይ ታፔላ የለም። ቴርሞስፌር ግን ገና ይቀጥላል። ዓለም አቀፉ የህዋ ጣቢያ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ነው የሚዞረው፣ በመንገድ ብንለካው ደሴ ማለት ነው፣ ጠፈርተኞቹ ከሩቅ የሚመስለንን ያህል ሩቅ አይደሉም። (ከባህር ወለል ነው ወይስ ከአዲስ አበባ የሚቆጠረው ብላችሁ እንዳትጨቀጭቁኝ፣ ለሃሳቡ ነው።)

አንድ ነገር እዚህ ጋ ልበል፣ የትምህርት መጽሐፉ ትሮፖስፌር 12 ኪሎ ሜትር ነው ይል ነበር። እሱ አማካዩ ነው። ዋልታዎቹ ላይ 8 ወይ 9 ብቻ ነው፣ ምድር ወገብ አጠገብ ያለን እኛ ጋ ግን 17 ይደርሳል፣ ምክንያቱም የሞቀ አየር እንደ ሊጥ ኩፍ ይላል። ቲቸር በማስመሪያ ቀጥ አድርጎ ያሰመረው መስመር በእውነቱ መሃሉ ያበጠ ነው።

የኛ ነገር ደግሞ ትንሽ ለየት ይላል። አዲስ አበባ ከባህር ወለል 2,300 ሜትር በላይ ነው ያለችው፣ የአየሩ ግፊት ባህር ዳርቻ ካለው ሶስት አራተኛ ያህል ነው። ይሄ ማለት ምን ማለት መሰላችሁ፣ ገና ከቤታችን ሳንወጣ ከከባቢ አየሩ ሩብ የሚሆነው ከእግራችን በታች ቀርቷል። ውሃ እኛ ጋ 92 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው የሚፈላው፣ ለዛ ነው የባቄላ ንፍሮ ከሰል የሚጨርሰው፣ ጅቡቲ ያለች ሴትዮ ያንኑ ባቄላ ቀድማ ትጨርሳለች። እናቴ ይሄን ስነግራት «ባቄላው አሮጌ ሆኖ ነው» ብላ ዘጋችኝ።

ሃይላንዱንም አይታችሁታል። አዲስ አበባ ጠጥታችሁ ባዶውን ጥርቅም አድርጋችሁ ዘግታችሁ መኪና ውስጥ የጣላችሁት ፕላስቲክ አዋሽ ስትደርሱ ጭምድድ ብሎ ታገኙታላችሁ። ማንም አልረገጠውም። ውስጡ ያለው የአዲስ አበባ ስስ አየር ነው፣ ውጪ ያለው የቆላው ወፍራም አየር ነው፣ ወፍራሙ ቀጭኑን ጨመቀው በቃ።

ቆላ ካልኩ አይቀር፣ ይሄን ሳነብ በጣም ያስገረመኝ ነገር ትሮፖስፌር ውስጥ በየ1 ኪሎ ሜትሩ በአማካይ 6.5 ዲግሪ ይቀዘቅዛል የሚለው ሕግ እኛ አገር ስም ወጥቶለት የሚኖር መሆኑ ነው። በረሃ፣ ቆላ፣ ወይና ደጋ፣ ደጋ፣ ውርጭ። ምንድን ነው ይሄ? የትሮፖስፌር የታችኛው ክፍል ተከፋፍሎ ነው እኮ! ጤፉ የት ይበቅላል፣ ገብሱ የት፣ ወባ እስከየት ትወጣለች፣ ጋቢ የት ጋ ይለበሳል፣ ሁሉም በከፍታ ነው የሚነገረው። ፈረንጅ ፊኛ ልኮ የለካውን ገበሬው በእግሩ ሲወጣና ሲወርድ ለክቶት ነበር፣ 4,500 ሜትር ገደማ ላይ ራስ ዳሸን ጫፍ ቆመ እንጂ።

«ወደ ፀሐይ እየቀረብን ስንሄድ ለምን ይበርዳል?» የሚለውን ጥያቄ ልጅ ሆነን ሁላችንም ጠይቀናል መሰለኝ። መልሱ ምጣድ ነው። ፀሐይ አየሩን በቀጥታ ብዙም አታሞቀውም፣ አልፋው መሬቱን ነው የምታግለው፣ አየሩ ደግሞ ከመሬቱ ይሞቃል፣ እንግዲህ ከምጣዱ በራቃችሁ ቁጥር ይበርዳል፣ የሞቀው አየር ራሱ ሽቅብ ሲወጣ እየተለጠጠ ይቀዘቅዛል። ከታች የሚሞቅ ነገር ደግሞ ይንተከተካል። ትሮፖስፌር እንደ ሽሮ የሚንተከተክ ንብርብር ነው፣ የአየር ጠባይ የምንለው ጣጣ ሁሉ የዚህ መንተክተክ ውጤት ነው።

ወደ እናቴ ልመለስ። እህቴ ቨርጂኒያ ነው የምትኖረው፣ እማዬ ሄዳ ስትመለስ የመጀመሪያ ጥያቄዋ «ስሄድ መንገድ ላይ ቆሞ ነዳጅ ቀዳ፣ ስመጣ በቀጥታ መጣ፣ ሹፌሩ ነው የሚለያየው?» ነበር። ቦሌ 2,334 ሜትር ላይ ያለ ኤርፖርት ነው። ስስ አየር ክንፍን በደንብ አያነሳም፣ ሞተሩም የሚምገው አየር ያንሰዋል፣ ስለዚህ አውሮፕላኑ ከዚህ ሲነሳ እስከ ዋሽንግተን የሚያደርስ ነዳጅ፣ ሙሉ ሰውና ሙሉ ሻንጣ (ያ ሁሉ በርበሬና ድርቆሽ) አንድ ላይ ይዞ መነሳት ይከብደዋል። ወደ ምዕራብ ሲሄድ ደግሞ ላይ ያለው ነፋስ ከፊት ነው የሚመጣበት። ዋሽንግተን ላይ ያለው ኤርፖርት ከባህር ወለል 100 ሜትር እንኳን አይሞላም፣ አየሩ ወፍራም ነው፣ ነፋሱም ከኋላ ይገፋዋል፣ ሞልቶ ይነሳና ቀጥ ብሎ ይመጣል። ሹፌሩ ንጹህ ነው።

ከዚህ የባሰ የሚያስቀው ደግሞ፣ ድሪምላይነር ውስጥ ያለው የአየር ግፊት ከ1,800 ሜትር ከፍታ ጋር እንዲመጣጠን ተደርጎ ነው የሚጠበቀው። 1,800 ሜትር ባሕር ዳር ናት። ስለዚህ እማዬ ከቦሌ ተነስታ 11 ኪሎ ሜትር ሽቅብ ስትወጣ፣ ውጪው ከዜሮ በታች 50 ሲሆን፣ እሷ ከአዲስ አበባ ወርዳ የባሕር ዳርን አየር እየተነፈሰች ነበር። አውሮፕላኑ ወጣ እሷ ወረደች። ይሄን አላመነችኝም፣ እኔም አልፈርድባትም።

አሁን ወደ ቁም ነገሩ። ይሄ የ6.5 ዲግሪ ቅዝቃዜ እስከመጨረሻው ይቀጥላል ብሎ ነበር ሰው የሚያስበው። ሊዮን ተስራን ደ ቦር የሚባል ፈረንሳዊ ፓሪስ አጠገብ ትራፕ ከሚባል ቦታ ላይ መለኪያ ያንጠለጠሉ ፊኛዎች ይለቅ ነበር፣ አንድ ሁለት አይደለም፣ ከ200 በላይ። 11 ኪሎ ሜትር አካባቢ ሲደርሱ ቴርሞሜትሩ መውረዱን ያቆማል። ሰውየው መጀመሪያ ያሰበው መሳሪያው ተሳስቷል፣ ፀሐይ እየመታው ነው ብሎ ነው፣ ስለዚህ ፀሐይ በሌለበት በሌሊት መልቀቅ ጀመረ፣ በሌሊትም ያው። ለዓመታት እየለቀቀ እየፈተሸ ቆይቶ በ1902 (እ.ኤ.አ.) ይፋ አወጣው፣ በዛው ሰሞን ጀርመናዊው ሪቻርድ አስማንም ተመሳሳይ ነገር አግኝቶ ነበር። ደስ የሚለኝ የራሱን ቁጥር ከማንም በላይ የተጠራጠረው ራሱ መሆኑ ነው። የታችኛውን ትሮፖስፌር አለው፣ ከመዞር ከመገላበጥ የመጣ ቃል ነው፣ የላይኛውን ስትራቶስፌር፣ የተነጠፈ እንደማለት። አንዱ ይንተከተካል፣ አንዱ ተነጥፏል። ቲቸር ይሄን አንድ ዓረፍተ ነገር ቢነግረን ኖሮ መሸምደድ ባላስፈለገ።

ለምን ተነጠፈ ካላችሁ፣ እዛ ላይ ሌላ ምድጃ አለ። ኦዞን። ከ15 እስከ 35 ኪሎ ሜትር አካባቢ ተከማችቶ የፀሐይን ጎጂ ጨረር እየዋጠ ራሱ ይሞቃል፣ አካባቢውንም ያሞቃል። ስለዚህ ቃሊቲ ላይ ከዜሮ በታች 80 የነበረው ቅዝቃዜ እየሞቀ እየሞቀ ቢሾፍቱ ስትደርሱ ዜሮ ዲግሪ አካባቢ ይሆናል። ንብርብር የሚባለው ነገር ሙሉ ሚስጥሩ ይሄ ነው፣ መስመሩ የሚሰመረው ሙቀቱ ዞር ያለበት ቦታ ላይ ነው። መሬት አንድ ምድጃ፣ ኦዞን አንድ ምድጃ፣ ሶስተኛውን እደርስበታለሁ።

ሞቃት ከላይ ቀዝቃዛ ከታች ሲሆን ደግሞ ማንተክተክ የለም፣ ክዳን ተከደነ ማለት ነው። በክረምት የተቆለለ ጥቁር ደመና አይታችሁ ጫፉ ላይ ድንገት ዝርግ ብሎ እንደ ጠረጴዛ ሲሆን፣ ክዳኑን ገጭቶ ነው።

የጓደኛዬ መልስ እንግዲህ እዚህ ጋ ነው። የሃይሊ ጉቢ አመድ ወደ 14 ኪሎ ሜትር ነው የወጣው ተብሎ የተዘገበው። ክዳኑ 16፣ 17 ላይ ነው። ስለዚህ ዋናው አመድ ክዳኑ ስር ቀረ፣ ያ ከፍታ ደግሞ በዛ ወቅት ከምዕራብ ወደ ምስራቅ የሚነፍሰው ኃይለኛ ነፋስ፣ ጄት ስትሪም የሚሉት፣ የሚሮጥበት መንገድ ነው፣ አውሮፕላኖችም እዛው አካባቢ ናቸው። ነፋሱ አመዱን አፈፍ አድርጎ ወሰደው፣ ህንድ ውስጥ በረራ ተሰረዘ። አፍዴራ አካባቢ ያሉ አርብቶ አደሮች ግጦሻቸው አመድ ለብሶ ሲቀር ዓለም የሰማው የደልሂን በረራ መሆኑ ግን... እሱን ሌላ ጊዜ።

ክዳኑን የሚበሳ ሲመጣ ጨዋታው ይቀየራል። ፊሊፒንስ ውስጥ ፒናቱቦ በ1991 (እ.ኤ.አ.) ሲፈነዳ ሰልፈሩ ስትራቶስፌር ገባ፣ እዛ ደግሞ የሚያጥበው ዝናብ የለም፣ ከዓመት በላይ እዛው ተንሳፍፎ መላውን ዓለም ግማሽ ዲግሪ ያህል አቀዘቀዘ። የቶንጋው ደግሞ በኛ ጥር 2014 ላይ 57 ኪሎ ሜትር ድረስ ተስፈነጠረ፣ ቢሾፍቱን አልፎ ሜሶስፌር ገባ ማለት ነው፣ እሳተ ገሞራ እዛ ድረስ ሲደርስ ሲለካ የመጀመሪያው ነው። አስቡት፣ ክዳኑን መብሳት አለመብሳቱና የሰልፈሩ ብዛት ነው አንዱን የሳምንት ወሬ አንዱን የዓለም አየር ንብረት ጉዳይ የሚያደርገው።

እግረ መንገዴን፣ ፌሊክስ ባውምጋርትነር (ነፍስ ይማር) በ2012 እ.ኤ.አ. ከፊኛ ላይ የዘለለውን ቪዲዮ ሁላችንም «ከህዋ ዘለለ» እያልን ነበር የተቀባበልነው። 39 ኪሎ ሜትር ነው። ዱከም። ስትራቶስፌሩን እንኳን አልጨረሰም። ጀግንነቱን ለመቀነስ አይደለም፣ እኔ ከቆርቆሮ ጣሪያ መዝለል የምፈራ ሰው ነኝ።

ስለ ሜሶስፌር ብዙ የምለው የለኝም፣ ሳይንቲስቶቹም ብዙ የላቸውም፣ ለአውሮፕላንና ለፊኛ በጣም ሩቅ፣ ለሳተላይት በጣም ቅርብ፣ ማንም የማይቆምበት ሰፈር ነው። ከሁሉም የሚቀዘቅዘው ጫፉ ነው፣ ከዜሮ በታች 90 አካባቢ። ተወርዋሪ ኮከብ የምንላት ብዙውን ጊዜ እዚህ ነው የምትነደው፣ አብዛኛዎቹ የአሸዋ ቅንጣት የሚያህሉ ናቸው። አያቴ አንድ ሰው ሞተ ትል ነበር ስታያት፣ አማትባ።

ከዛ በላይ ሶስተኛው ምድጃ ነው፣ ቴርሞስፌር። እዛ ያሉት ጥቂት የኦክስጅንና የናይትሮጅን ቅንጣቶች የፀሐይን ኃይለኛ ጨረር ራሳቸው ይቀበላሉ፣ ሙቀቱ ከ1,000 ዲግሪ በላይ ይሄዳል። ግን እዛ ብትወጡ አትቃጠሉም፣ የብየዳ ፍንጣሪ እጅህ ላይ ሲያርፍ ቆንጠጥ አድርጎህ እንደሚሄደው ነው፣ ፍንጣሪው ከፈላ ሻይ በስንት እጥፍ ይግላል፣ የሚያቃጥልህ ግን ሻዩ ነው። ቅንጣቶቹ በጣም ጥቂት ስለሆኑ ነው። ቢሆንም አየር አየር ነው፣ የህዋ ጣቢያውን እየጎተተ ያወርደዋል፣ በየጊዜው ገፍተው ይመልሱታል። ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ከቻይና የተወነጨፈችው የኛዋ የመጀመሪያ ሳተላይት 628 ኪሎ ሜትር ላይ ነበር ምህዋሯ፣ በደሴ መንገድ ብንቆጥር ወልድያን አልፋ ወደ አላማጣ ግድም። እዛ አካባቢ ኤክሶስፌር ይጀምራል ይላሉ፣ ወሰን የለውም፣ ሃይድሮጅኑ እያመለጠ ወደ ባዶው ይሄዳል፣ እኔም እሱን ተከትዬ አልሄድም።

ልቤን የነካኝ ከሁሉም ግን ማንም ንብርብር ብሎ ያላስቆጠረን ነው። አዮኖስፌር። ፀሐይ ከ60 ኪሎ ሜትር ጀምሮ ሽቅብ ያሉትን ቅንጣቶች ኤሌክትሮናቸውን እየነጠቀች ኤሌክትሪክ ያለው አየር ታደርጋቸዋለች፣ እሱ ደግሞ የአጭር ሞገድ ሬዲዮን እንደ መስታወት መልሶ ወደ መሬት ይልካል። አባቴ ማታ ማታ ሬዲዮኑን ደረቱ ላይ አስደግፎ አንቴናውን ከጣሪያው ሽቦ ጋር አያይዞ ከዋሽንግተን የአሜሪካ ድምፅን፣ ከጀርመን ዶቼ ቬለን ሲፈልግ፣ ያ የሚሄደው የሚመጣው ድምፅ፣ እንደ ባህር የሚተነፍሰው፣ ከ200፣ 300 ኪሎ ሜትር በላይ ካለ የማይታይ ጣሪያ ላይ ነጥሮ ነበር ቤታችን የሚገባው። ጣሪያው ይንቀሳቀሳል፣ ድምፁም ለዛ ነው የሚዋዥቀው። (ጩኸቱ ሁሉ ከአዮኖስፌር ነው አላልኩም፣ አንዳንዱን ሆን ብሎ የሚጨምርበት ሰው ነበር።) ማታ ሩቅ ጣቢያ ጥርት ብሎ የሚሰማውም የታችኛው ንብርብር፣ ቀን ላይ ሞገዱን የሚውጠው፣ ፀሐይ ስትጠልቅ ስለሚጠፋ ነው። አባቴ «ቀን ሬዲዮ አይያዝም፣ ማታ ነው» ይል ነበር። ምክንያቱን አልጠየቅኩትም፣ እሱም የሚያውቅ አይመስለኝም፣ ግን ልክ ነበር።

ይሄ ነገር ላይ አገራችን ራሷ ቦታ አላት። የመሬት መግነጢስ ወገብ ኢትዮጵያ ላይ ነው የሚያልፈው፣ እሱን ተከትሎ ቀን ቀን ከ100 ኪሎ ሜትር ትንሽ ከፍ ብሎ፣ አዳማን አለፍ እንዳላችሁ፣ ኃይለኛ የኤሌክትሪክ ጅረት ሰማይ ላይ ይፈሳል። በ1950ዎቹ መጨረሻ (እ.ኤ.አ.) ዓለም አቀፍ የጂኦፊዚክስ ዓመት ሲታወጅ የያኔው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ውስጥ ኦብዘርቫቶሪ የተከፈተው አንዱ ለዚህ ነው፣ ካናዳዊው ኢየሱሳዊ አባ ፒየር ጉዋን ናቸው ያቋቋሙት። አዲስ አበባ ተቀምጠው የራሳችንን ሰማይ ይለኩ ነበር፣ እኔ ደግሞ እዛው ከተማ አድጌ በሰላሳ ምናምን ዓመቴ ገና መስማቴ ነው።

የአባቴ ሬዲዮ አሁንም ቁምሳጥኑ ላይ አለ። ባለፈው ቅዳሜ አወረድኩት፣ አቧራውን ጠረግኩ፣ አራት ትልልቅ ድንጋይ ገዝቼ ከተትኩበትና ቀን 9 ሰዓት ላይ ሞከርኩት፣ ሹሽሽ ብቻ። ማታ 4 ሰዓት ላይ መብራት ሄዶ ስለነበር ሰፈሩ ሁሉ ጭጭ ብሏል፣ በረንዳ ላይ ወጥቼ ቁልፉን ቀስ አድርጌ ሳዞር አንድ ዓረብኛ የሚያወራ ሰውዬ መጣ፣ ከየት እንደሆነ እንጃ፣ ሲቀርብ ሲርቅ፣ ሲቀርብ ሲርቅ። እማዬ ከውስጥ «ማነው?» አለችኝ። ትንሽ ቆይታ ነጠላዋን ደርባ ወጣችና አጠገቤ ቁጭ አለች፣ «አንቴናውን ወደ ጣሪያው ዞር አድርገው፣ እሱ እንደዛ ነበር የሚያደርገው» አለች። አዞርኩት።